ፊቷ ሁሉ ጆሮ ነው፦ የጎተራ ጉጉትን በቅርብ ማየት

ጉጉቷ በአሰልጣኟ የቆዳ ጓንት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በእኔና በእርሷ መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ክንድ አይበልጥም። ማስታወሻ ደብተሬን ለማውጣት እጄን ወደ ጃኬቴ ኪስ ስሰድ፣ እኔ ራሴ ልብ ያላልኩት የወረቀት ኮሽታ ተሰማትና ነጩ ፊቷ ወዲያው ዞረ። ዓይኔን አላየችም፤ ያነጣጠረችው ኮሽታው የተነሣበትን ቦታ፣ የኪሴን ጥግ ነበር። ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ከቆየች በኋላ፣ የሚበላ ነገር አለመኖሩን የተረዳች ይመስል ፊቷን መለሰች።

ይህ የሆነው በእንግሊዝ ገጠር ከሚገኙ የአዳኝ አእዋፍ ማዕከላት በአንዱ ነው። አብዛኞቻችን ስለ ጉጉት ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ዓይኗ ነው፤ በጨለማ የምታይ ወፍ እንላታለን፤ ስህተትም አይደለም። የጎተራ ጉጉትን በቅርብ ላየ ሰው ግን ይህ የታሪኩ ግማሽ ብቻ መሆኑ ይገለጥለታል፤ ይህቺ ወፍ የምትኖረው ከሁሉ በፊት በጆሮዋ ነው፤ ከፊቷ ቅርጽ አንሥቶ እስከ ላባዋ ጠርዝ ድረስ ያለው አካሏም ለመስማትና ላለመሰማት የተሠራ ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት በቅርብ ሆኖ የሚታየውን አንድ በአንድ መከተል ይበቃል።

በእንግሊዝኛ ስሟን ያገኘችው ገበሬዎች እህልና ድርቆሽ ከሚያከማቹበት ቤት ስለሆነ፣ እኔም የጎተራ ጉጉት እላታለሁ። የሳይንስ ስሟ ታይቶ አልባ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዶቿ ተቆጥረው ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛሉ። ኢትዮጵያም ውስጥ አለች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ80 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ክብደቷ ግን በብዛት ከ300 እስከ 400 ግራም ቢሆን ነው። በጓንት ላይ ያቆማት ሰው ሁሉ የሚደነቀው በዚህ ነው፤ ዓይን ትልቅ ወፍ ያያል፣ ክንድ ግን ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነገር ይሸከማል። ቀሪው ሁሉ ላባና በላባ መካከል የታቆረ አየር ነው።

ፊቷን ፊት ለፊት ሲያዩት የልብ ቅርጽ አለው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ሰፌዶችም ይመስላል፤ መካከላቸው ላይ ከግንባሯ እስከ መንቁሯ የሚወርድ የላባ ሸንተረር ይለያቸዋል። ሰፌዶቹ በመጠኑ ጎድጎድ ያሉ ናቸው። ጠርዛቸው ላይ ያሉት ላባዎች አጫጭር፣ ጠንካራና እጅግ ጥቅጥቅ ያሉ በመሆናቸው ድምፅ አያሳልፉም፤ ገጹን የሸፈኑት ስስ ላባዎች ግን ድምፅን ያሳልፋሉ። በየቤታችን ጣሪያ ላይ የተተከለው የሳተላይት ዲሽ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ በሰፊ ገጽ ላይ የተበተነውን ደካማ ሞገድ ሰብስቦ ወደ አንዲት ነጥብ ይልካል። በጉጉቷ ፊት ላይ ያቺ ነጥብ ከላባው ሥር የተሸሸገው የጆሮዋ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ፊት ብለን የምናየው፣ በእውነቱ የውጭ ጆሮዋ ነው ማለት ይቻላል። አሰልጣኟ በአንድ ጣት ከዓይኗ ጎን ያለውን ላባ ቀስ ብላ ስትገልጠው ቀዳዳው ታየኝ፤ ከትንሽ ጭንቅላት የማይጠበቅ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሰው ሳይነግረው ማንም ሊገምተው የማይችል ነው። ሁለቱ ጆሮዎቿ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም። የግራው ቀዳዳ ከፍ ብሎ ወደ ታች ያዘነበለ ሲሆን፣ የቀኙ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ያነጣጠረ ነው። በሌላ እንስሳ ላይ እንዲህ ያለ መዛነፍ ጉድለት ሊመስለን ይችላል፤ እዚህ ግን ሥራ አለው። ከታች የሚመጣ ድምፅ ለግራው ጆሮ ጎላ ብሎ ይሰማዋል፤ ከላይ የሚመጣው ደግሞ ለቀኙ። ጉጉቷ የሁለቱን ጉላት እያነጻጸረች ድምፁ ከፍታው የት ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከላይና ከታች የሚመጣን ድምፅ ለመለየት የሚቸገረው ጆሮዎቹ ትክክል ለትክክል ስለተቀመጡ ነው።

ግራና ቀኙን የምትለየው በሌላ መንገድ ነው፤ በጊዜ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሁለቱ ጆሮዎቿ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ከአንድ ጎን የመጣ ድምፅ ቅርቡን ጆሮ መትቶ ሩቁን እስኪመታ የሚያልፈው ትልቁ ጊዜ እንኳ ሰከንድ አምስት ሺህ ቦታ ተከፍሎ ከአንዱ ክፍል እምብዛም አይርቅም። ድምፁ ከፊት ለፊት ትንሽ ብቻ ዘወር ያለ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም በጣም ያነሰ ይሆናል። ይህን ለመለካት ሰዓት አትጠቀምም፤ ነርቯ ራሱ ሰዓት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት መንደሮች አሉ እንበል፤ ከየመንደሩ አንድ አንድ መልእክተኛ ይነሣል፤ ሁለቱም እኩል ፍጥነት አላቸው። በአንድ ጊዜ ከተነሡ የሚገናኙት እመንገዱ መካከል ላይ ነው። አንዱ ቀድሞ ከተነሣ ግን መገናኛው ወደ ዘገየው መንደር ይጠጋል። በመንገዱ ዳር በየርቀቱ ጠባቂ ቢቆምና ሁለቱም መልእክተኞች በአንድ ጊዜ በፊቱ ሲያልፉ ብቻ እጁን እንዲያነሣ ቢታዘዝ፣ የትኛው ጠባቂ እጁን እንዳነሣ በማየት ብቻ የትኛው መልእክተኛ በምን ያህል እንደቀደመ ይታወቃል። ሎይድ ጀፍረስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1948 የአንጎል መስማት እንዲህ ሊሠራ ይችላል ብሎ በሐሳብ ደረጃ አቀረበ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ካትሪን ካርና ማሳካዙ ኮኒሺ ደግሞ በ1990 ባወጡት ጥናት በጎተራ ጉጉት አንጎል ውስጥ መንገዱንም ጠባቂዎቹንም አገኟቸው፤ መንገዱ ከሁለቱ ጆሮዎች የሚመጡ የነርቭ ክሮች ሲሆኑ፣ ጠባቂዎቹ ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ጊዜ ሲደርሷቸው ብቻ የሚነቁ ሴሎች ናቸው።

ይህ ሁሉ የተጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በቀላል ጥያቄ ነው፤ ጉጉት በድቅድቅ ጨለማ አይጥ የምትይዘው በምኗ ነው? ሮጀር ፔይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ምንም ብርሃን በማይገባበት ክፍል ወለል ላይ ደረቅ ቅጠል ነስንሶ ጉጉቷ አይጧን ስትይዝ አሳየ። አይጧን በማሽተት ወይም በሰውነት ሙቀቷ አግኝታት እንደሆነስ? የአይጥ መጠን ያለው የወረቀት ጥቅልል በቅጠሉ ላይ በክር ሲጎተት ጉጉቷ እርሱንም መታችው። ወረቀት የአይጥ ሽታ የለውም፣ ሙቀትም የለውም፤ የነበረው ኮሽታ ብቻ ነው። ይኸው ፔይን ኋላ ላይ የዓሣ ነባሪን ዜማ ለዓለም ጆሮ ያደረሰ ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ያስደስተኛል፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲያዳምጥ ኖረ።

ኤሪክ ነድሰንና ኮኒሺ በ1978 ከዚህ የበለጠ አስደናቂ ነገር አሳዩ። በጉጉቷ መካከለኛ አንጎል ውስጥ እያንዳንዱ ሴል የሚነቃው ድምፅ ከአንድ የተወሰነ አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ሴሎቹም በሥርዓት ተደርድረዋልና በአንድነት የአካባቢዋ ካርታ ይሆናሉ። ልብ በሉ፣ ዓይን ካርታ ቢኖረው አይገርምም፤ ምስሉ በዓይን መጋረጃ ላይ ተስሎ ይገባልና። ጆሮ ግን እንዲህ ያለ ሥዕል የለውም፤ አንጎሏ ከጊዜና ከጉላት ልዩነት አስልቶ ካርታውን ራሱ መሥራት አለበት። ነድሰን ቆይቶ ጫጩቶች ዓይን ላይ ምስልን ወደ ጎን የሚያዛንፍ መነጽር ሲያደርግ፣ በሳምንታት ውስጥ የመስማት ካርታቸውም ከተዛነፈው ምስል ጋር ለመስማማት ተዛወረ፤ በጎልማሶቹ ላይ ግን ይህ ለውጥ በጣም አነስተኛ ነበር። አንጎል በልጅነቱ ምን ያህል እንደሚቀረጽ ሰዎች ዛሬ ሲናገሩ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ከዚህች ወፍ የመጣ ነው።

የፊት ላባዋን ነገር ለመቋጨት አንድ ሙከራ ልጨምር። እነዚሁ ተመራማሪዎች የፊቷን ጠርዝ ጠንካራ ላባዎች ሲያነሡ፣ ጉጉቷ ድምፁ በግራ ይሁን በቀኝ ለይታ ታውቅ ነበር፤ ከፍታውን ግን መለየት ተሳናት። ላባው እንደ ማንኛውም ላባ ተመልሶ ይበቅላል። ውበት ነው ብለን የምንደነቅበት የልብ ቅርጽ፣ ለእርሷ አይጧ ከሣሩ ሥር መሆኗን ወይም ከግንድ ላይ መሆኗን የምታውቅበት መሣሪያ ነው።

ዓይኗን በአጭሩ ልለፍ። ጥቁርና ጥልቅ ናቸው፤ ድቡልቡል ሳይሆኑ እንደ ቱቦ ወደ ኋላ የረዘሙና በአጥንት ቀለበት የታሰሩ በመሆናቸው በጉድጓዳቸው ውስጥ መዞር አይችሉም። ጉጉት ጎንዮሽ ማየት ስትፈልግ ጭንቅላቷን ማዞር ግድ ይላታል። የአንገት አጥንቶቿ 14 ናቸው፤ የእኛ ሰባት ብቻ። በዚህም የተነሣ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን እስከ 270 ዲግሪ ማዞር ትችላለች። የደም ሥሯ ለምን እንደማይታነቅ የአሜሪካ ሐኪሞች በ2013 ያሳዩት፣ በአንገት አጥንቶቿ ውስጥ የደም ሥሩ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ከደም ሥሩ ውፍረት 10 ጊዜ ያህል ሰፊ መሆናቸውንና ከአገጯ ሥር ያሉት ሥሮች ሰፋ ብለው ደም እንደሚያቁሩ ነው።

መስማት ብቻውን አይበቃም። የራሷ ክንፍ ቢንኳኳ ሁለት ጉዳት ይደርስባት ነበር፤ አይጧ ሰምታ ታመልጣለች፣ እርሷም በበረራ ላይ ሳለች የአይጧን ኮሽታ መስማት ይሳናታል። በማዕከሉ ጉጉቷ ከአንድ ምሰሶ ወደ ሌላው ስትበር በጆሮዬ አጠገብ አለፈች፤ ፊቴ ላይ የተሰማኝ ንፋሱ ብቻ ነበር፤ ድምፅ የሚባል አልነበረም። አስቀድሞ እርግብ እንዲህ ባለ ርቀት ብድግ ስትል የሚሰማውን ጩኸት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ምሥጢሩ ላባው ውስጥ ነው። በጉጉቷ ላይ እጅ እንዳይጫን የወደቀ የክንፍ ላባ ለጎብኚዎች ይሰጣል። ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ላይ ጥርሶቹ የረቀቁ ሚዶ አለ፤ በጣት ወደ ኋላ ሲደባብሱት ይሰማል። ገጹ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው፤ ላባ ከላባ ጋር ሲተሻሽ እንዳይኮሽኮሽ ያደርጋል። የኋላው ጠርዝ ደግሞ እንደ ነጠላ ጫፍ የተበተነ ዘርፍ አለው። እንግሊዛዊው ሮበርት ግራሃም እነዚህን ሦስት ነገሮች በ1934 በአውሮፕላን ምሕንድስና መጽሔት ላይ ገልጾ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላንና የነፋስ ኃይል መዘውር ድምፅ ለመቀነስ የሚሠሩ መሐንዲሶች ወደዚሁ ላባ ደጋግመው ተመልሰዋል። በዚህ ላይ የክንፎቿ ስፋት ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ በጣም ዝግ ብላ መብረር ትችላለች፤ ዝግ ያለ ንፋስ ደግሞ ድምፁ ትንሽ ነው።

ለዚህ ዝምታ የምትከፍለው ዋጋ አለ። ያ ለስላሳ ላባ ውኃ አይመልስም። የዳክዬ ላባ ዝናቡን ሲያንከባልለው የጉጉቷ ይጠጣዋል፤ የረጠበ ላባ ይከብዳል፣ ይንኳኳልም። ስለዚህ በዝናብ ማደን አትችልም፤ ዝናቡና በረዶው ለቀናት ከቀጠለ በረሃብ ትሞታለች። በእንግሊዝ ጎተራዎች ውስጥ መኖር የመረጠችው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጣሪያ ያስፈልጋታል። ደመናው ሲጠቁር አሰልጣኟ ትዕይንቱን አቋርጣ ወፏን ይዛ መግባቷን አንዳንድ ጎብኚዎች አልወደዱትም፤ ትክክለኛው ነገር ግን እርሱ ነበር።

በዱር የምትኖር የጎተራ ጉጉት በእንግሊዝ በአማካይ አራት ያህል ትናንሽ አይጦችን በሌሊት ትበላለች፤ በብዛት የምትይዘው አጭር ጅራት ያላትን የሣር ሜዳ አይጥ ነው። ሙሉዋን ትውጣታለች። ሥጋው ይፈጫል፤ አጥንቱና ፀጉሩ ግን ተጠቅልሎ እንደ ጥቁር እንክብል በአፏ ይወጣል። ማዕከሉ ውስጥ ልጆች ይህን እንክብል በሞቀ ውኃ አርሰው በመርፌ ሲፈቱት አየሁ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የራስ ቅል ከነቢጫ ጥርሷ ስትወጣ ጠረጴዛው ዙሪያ ጸጥታ ሆነ። ተመራማሪዎች በአንድ አካባቢ ምን ምን ዓይነት አይጥ እንዳለ ወጥመድ ሳያጠምዱ ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ነው። የእግሯንም መካከለኛ ጣት ልብ ብላችሁ እዩ፤ በጥፍሩ ውስጠኛ ጎን ላይ ሌላ ትንሽ ሚዶ አለ፤ ላባዋን የምታበጥርበት ነው።

እንዲህ የሚታዩት ወፎች ከዱር የተያዙ አይደሉም። በእንግሊዝ ኒወንት በምትባል ከተማ አጠገብ ፊሊፕ ግላሲየር በ1967 የከፈተው ማዕከል ዛሬ የዓለም አቀፍ የአዳኝ አእዋፍ ማዕከል ተብሎ የሚጠራው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ብዙዎች ተከፍተዋል፤ ጉጉቶቹም በማዕከላቱ ከሚኖሩ ወላጆች የተፈለፈሉ ናቸው። በሰው እጅ ያደገች ጉጉት ሰውን እንደ ወላጅዋ ታያለች፤ በየቀኑ በሚዛን ትመዘናለች፤ ምግቧም በአብዛኛው የሞቱ የአንድ ቀን የዶሮ ጫጩቶች ናቸው። ከምሰሶ ወደ ጓንት የምትበረው ለምግቡ ነው። ገራም መሆኗን አይቶ የቤት እንስሳ ትሆነኛለች ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል፤ ሌሊት ትጮኻለች፣ ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፣ ለመታቀፍም አትወድም።

አንድ ጥያቄ ከጎብኚዎች ይደጋገማል፤ ለምን አትለቋትም? በ1932 በእንግሊዝና በዌልስ 12,000 ያህል ጥንድ እንደነበረ የተገመተ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተደረገ ቆጠራ በብሪታንያ የቀረው 4,400 ገደማ መሆኑን አሳየ። ያን ጊዜ ብዙ ደጋግ ሰዎች በቤታቸው እያራቡ ይለቁ ጀመር። አደን የማያውቁት ወፎች አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ከ1993 ወዲህ ያለ ፈቃድ መልቀቅ በሕግ ተከልክሏል። የጎደለው ጉጉት አልነበረም፤ የጎደለው አይጥ የሚኖርበት ረጅም ሣርና ጎጆ የምትሠራበት ጨለማ ጥግ ነበር። ሣሩ ዳር ዳሩን ሲተው፣ በጎተራውም ውስጥ የእንጨት ሳጥን ሲሰቀልላት፣ ከሰው ልፋት ይልቅ ራሷ ትበዛለች። ዛሬ የሚያሳስበው የአይጥ መርዝ ነው፤ በብሪታንያ ሞተው ከተገኙትና ከተመረመሩት የጎተራ ጉጉቶች ከ10 ስምንት ያህሉ በጉበታቸው ውስጥ የመርዝ ቅሪት ይገኝባቸዋል።

መርዙን በጉጉት መተካት በሰፊው የተሞከረው በእስራኤል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ቤትሳን በምትባለው በቤት ሼአን ሸለቆ፣ ስዴ ኤሊያሁ የተባለው ኪቡጽ (የጋራ የእርሻ መንደር) በ1983 በማሳው ውስጥ የጉጉት ሳጥኖች መስቀል ጀመረ። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዮሲ ሌሼም ሥራውን አስፋፉት፤ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህም ጡረተኛው የዮርዳኖስ ጄኔራል መንሱር አቡ ራሺድ ከወንዙ ማዶ አብረዋቸው ሠሩ። ዮርዳኖስ ውስጥ ትልቁ እንቅፋት ድንበሩ አልነበረም፤ ገበሬው ጉጉትን እንደ ክፉ ምልክት ማየቱ ነበር። ቤት ሼአን አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች በማሳ ዳር በምሰሶ ላይ የቆመ ሳጥን ካያችሁ፣ ምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ያ ፍርሃት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በብዙ አካባቢዎቻችን ሌሊት ጉጉት ከጮኸች የመርዶ ምልክት ነው ይባላል። የጎተራ ጉጉት ደግሞ እንደ ሌሎቹ «ሁ ሁ» አትልም፤ ድምፅዋ የተቀደደ፣ የሚያስበረግግ ጩኸት ነው። ጫጩቶቿ ደግሞ ሲርባቸው እንደ እባብ ያፏጫሉ፤ በአሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ሥር እባብ ገባ ተብሎ ዱላ የሚነሣባቸው ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከጣሪያችሁ ከሰማችሁ በባትሪ ሳይሆን በጆሮ ጠብቁ፤ ምሽት ላይ ወላጅ በገባች ቁጥር ፉጨቱ ድንገት ከበረታ ጫጩቶች ናቸው። ከተፈለፈሉ ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው መብረር ይጀምራሉ፤ እስከዚያ ድረስ ቤቱን የሚያጠፋ ነገር አያደርጉም፤ ከሥሩ የሚሰበሰበውን እንክብል መጥረግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።